ለረጅሟ የተሰፋው ጃኬት

ውድ እማ፣

የላክሽው ጥቅል ትናንት ደረሰኝ። ልደውልልሽ ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ሦስቴም አስቀመጥኩት። ሳቄና እንባዬ ተደባልቀው ቃል አልወጣ ቢለኝ ነው የምጽፍልሽ። አንቺ ሁሉንም ቀድመሽ ብታውቂውም፣ እኔው ራሴ በአፌ ልንገርሽ።

ረጅሟ የምትባል ጓደኛ የለችኝም። አብራኝ የምትሄድ ሰው የለም። የፊታችን ሰኞ ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ፣ ባሕር ማዶ፣ አምስት አገር፣ ሁለት ወር፣ ብቻዬን ነው የምሄደው።

አምና ነገሩን ገና ሳነሳብሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? "ለብቻሽ ከሆነ ሬሳዬን ተራምደሽ ሂጂ!" የስፌት ስፒሎቹን ከከንፈርሽ እንኳ ሳታወጪ ነው የተናገርሽው። እኔ ግን አልተውኩትም። ክሊኒክ ውስጥ በአንድ ታካሚና በሌላው መሃል የባቡርና የአውቶቡስ መስመር ሳጠና ከረምኩ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለታካሚዎች እግር ማጠንከሪያ የምናደርጋቸውን የአሸዋ ከረጢቶች ቦርሳዬ ውስጥ ሞልቼ በእግሬ ሥራ መግባት ጀመርኩ። ዘበኛው በሳምንቱ አላስችል ብሎት "እህቴ፣ ከቤት አስወጡሽ እንዴ?" አለኝ።

ከዚያ ትኬት መቁረጤን በስልክ ነገርኩሽና "ከማን ጋር?" አልሽ።

"ከ... ከሥራ ባልደረባዬ ጋር።"

"ምን ዓይነት ሰው ናት?"

ዓይኔ የሕክምና ክፍሉ ጥግ ላይ አረፈ። እዚያ፣ መገጣጠሚያ እንዴት እንደሚሠራ ለታካሚ የምናሳይበት የፕላስቲክ አፅም አለ፤ በብረት ዘንግ ላይ ተሰክቶ ቆሟል።

"ረጅም ናት" አልኩሽ። "ቀጭን። ዝምተኛ።"

"ሐሜተኛ አይደለችም?"

"ኧረ እማ፣ አንዲት ቃል አይወጣትም!"

"በጣም ቀጭን ናት?"

"በጣም።"

"ታዲያ ትብላ እንጂ! እናት የላትም?"

ከዚያ ቀን ወዲያ በደወልሽ ቁጥር ከኔ በፊት እሷን ሆነ የምትጠይቂው። "ረጅሟ ደህና ናት? ፓስፖርቷ ወጣላት? በላች?" ጉንፋን ይዞኝ እያስነጠስኩ እንኳ "ረጅሟን እንዳታስይዣት" አልሽኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በአፅም ቀናሁ።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ "ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ለሁለታችሁም ልሰፋ ነው፤ ያንቺን ልክ እጄ ያውቀዋል፣ የሷን ላኪልኝ" ስትይኝ ጉድ ፈላ። ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ቆልፌ አፅሙን በሜትር ለካሁት። ትከሻ፣ እጅጌ፣ ደረት እያልኩ ወገብ ላይ ስደርስ የሚለካ ነገር ጠፋ! ከጎድን አጥንቱ በታች ሜትሩን እንደ ምንም ብዬ አዞርኩና "ሃምሳ ሁለት" ብዬ ጽፌ ላኩልሽ።

ወረቀቱ ሲደርስሽ ደወልሽ። "ሃምሳ ሁለት?"

"አዎ።"

ከዚያ "እሺ" ብለሽ ዘጋሽው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ስትለኪ እንደኖርሽ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ረጅሟ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም። እኔ ሞኟም ያመንሽኝ መሰለኝ።

ግን እማ፣ ሰላም አልነበረኝም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢያገኘኝ የምትሰሚው ዜና ክፉው ብቻ አይደለም፤ ልጅሽ ዋሽታሽ መሄዷንም ነው። ይህን እያሰብኩ ትኬቱን ልመልስ ሁለት ጊዜ እስከ ቢሮው ደጃፍ ድረስ ሄጃለሁ።

ትናንት ጥቅሉን እዚያው ክሊኒክ ፈታሁት። ሰማያዊው የኔ ነው፤ ልክክ አለልኝ። አረንጓዴውን፣ የረጅሟን፣ ወንበር ላይ አደረግኩት፤ መልሼ ደግሞ እስቲ ልሞክረው አልኩ። እጅጌው አንጓዬ ላይ ቆመ። ትከሻው የኔ ትከሻ፣ ወገቡም የኔ ወገብ። ሹራብ ስደርብ እንዳይጠበኝ ሁለት ጣት ትርፍ እንኳ ትተሽልኛል። ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት ያ የላኩልሽ ወረቀት ወጣ። "ሃምሳ ሁለት" የሚለውን በጠመኔሽ ሁለቴ አስምረሽበታል። ከሥሩ ደግሞ፦ "ልጄ፣ እንዲህ ያለ ወገብ ይዛ የምትተነፍስ ሰው አላየሁም። ሁለቱም ያንቺ ናቸው። አንዱ ሲበሰብስ ሌላውን ልበሺ።"

ወለሉ ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ። ደግሞ ሳቅኩ። ኧረ እፎይ እማ! ስንት ቀን የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ወረደ። አንድ ስልክ ደውለሽ ልታስቀሪኝ ትችይ ነበር እኮ። አንቺ ግን ብቻዬን እንደምሄድ እያወቅሽ፣ እየፈራሽም፣ ቁጭ ብለሽ ሰፋሽልኝ።

እንግዲህ አንዴ ከጀመርኩ አንድ ሌላም አለ። ሰባት ዓመቴ ሳለ መናኸሪያ ውስጥ ጠፍቼብሽ ግማሽ ቀን ሙሉ ስሜን እየጠራሽ ፈልገሽኛል። ለብቻ መሄድ በቤታችን የተከለከለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። እማ፣ አልጠፋሁም ነበር። ከትኬት ቆራጯ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ አውቶቡሶቹ ወዴት ወዴት እንደሚሄዱ ስትናገር እሰማት ነበር። ስትጠሪኝም ሰምቼሻለሁ። ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ይቅር በይኝ።

አሁን ግን የትም አገር ልሁን፣ ስትጠሪኝ በመጀመሪያው ጥሪ "አቤት" እልሻለሁ።

ሁለት ጃኬት ያላት ልጅሽ

ረጅሟ ከጥጓ ሆና ሰላም ብላሻለች። እስካሁን አልበላችም።