በሆቴሉ ሚስማር ላይ የሰቀልኩት ቁጥር

ለእህቴ ለኤፊ፤

ከተለያየን ሳምንት ባይሞላንም ሰላምታ ሳያስቀድሙ ወሬ መጀመር የባለጌ ነውና፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እህል ቀመስሽ? እንቅልፍስ ሸለብ ያደርግሻል? የእማማ ቁርጥማት ተሻላት? ትንሿ ሞራግስ አባቷን መጠየቅ ተወች ወይስ አሁንም በር በሩን ታያለች? እኔ ከሐሳብ በቀር ያመመኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። የማታ ትምህርት ስጀምር «ሙርዶክ በአፉ እንጂ በእጁ አይጽፍም» ብለሽ ስቀሽብኝ አልነበር? ሚስ ቢተን ከክፍሉ ሁሉ የእኔ ፊደል ቀጥ ያለ ነው ብላለች። ከራሴ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ምናልባት አንዲት።

እኔ፣ ሄክተርና ሽማግሌው አሌክ ጉድጓድ ውስጥ ስለቀሩት ሰዎች ልንነጋገር መጥተን ያረፍነው የከሰል ኩባንያው በያዘልን ሆቴል ነው። ምንጣፉ እግር ይውጣል። ቆዳዬ እስኪላጥ ታጥቤ ተኛሁ፤ ጠዋት ግን ነጩ ትራስ ላይ የከሰል ፊቴን ትቼበት ተነሣሁ። እንግዳ ተቀባዩ የቤተሰብ ስማችንን ሲጠይቀን እኔ «ማክዶናልድ» አልኩ፣ ሄክተርም «ማክዶናልድ»፣ ሽማግሌው አሌክም «ማክዶናልድ»። ወንድማማቾች ናችሁ ወይ ቢለን ሄክተር «ኧረ ወዲያ! ከዚህ ለፍላፊ ጋር ከምዛመድ ጉድጓድ ውስጥ ብቀር ይሻለኛል» አለ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ማናችንም አልሳቅንም።

ቁልፌን ከሚስማሩ አውርዶ ሲሰጠኝ እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባና የናስ ቁጥሬን አውጥቶ ባዶው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ጉድጓድ ስንወርድ ሰሌዳው ላይ ሰቅለን፣ ስንወጣ የምናነሣትን ቁጥር ማለቴ ነው። ልማድ ክፉ ነው። ሰውዬው «ምንድን ነው ጋሼ፣ የውሻህ የአንገት ምልክት ነው?» ብሎ ሳቀ። «የእኔ ነው። ካልወጣሁ ፈልገኝ» አልኩት።

የኩባንያው ሰው ሚስተር ፕራት ያነጋገረን ምግብ ቤቱ ውስጥ ነው። ሥጋ ቀረበ፣ ማንም አልነካውም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እሳት ገና አልጠፋም፣ አፉን ከከፈትነው ነፋስ ገብቶ ያራግበዋል አለን። ስለዚህ ጉድጓዱ እሳቱ ታፍኖ እስኪሞት በጡብና በጭቃ ይደፈናል፤ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። አንቺ ፊት «ሎክሊንን ሳላወጣ አልተኛም» ብዬ የፎከርኩት እኔ ብድግ አልኩና ክፈቱልኝ፣ እገባለሁ አልኩት። «ብቻህን አትገባም። ከማን ጋር ነው?» አለኝ። ሄክተርን አየሁት። ሄክተር የልጆች አባት ነው፤ ብጠራው ይመጣ ነበር። ተቀመጥኩ።

ኤፊ፣ እህት ዓለም፣ ባልሽ ሎክሊን በሕይወት የለም። የጭሱን ቀለም ባየሁ ጊዜ አውቄዋለሁ፤ ሄክተርም አሌክም አውቀውታል። ከገበያ ወሬ ከምትሰሚው ከወንድምሽ ስሚው ብዬ ነው።

ፕራት በመጨረሻ ቁጥሮቹን ከሰሌዳው አንሥተን፣ በሪባን አስረን ለየቤተሰቡ ለመታሰቢያ እንልካለን አለ። ያን ጊዜ አፌ ተመለሰልኝ። ጠረጴዛውን ብመታው ሳህኑ ዘለለ። «ቁጥር የሚያነሣው የወጣ ሰው ብቻ ነው! የተሰቀለ ቁጥር ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው። እናንተ ካነሣችሁት ነገ ጉድጓዱ ሲከፈት ማን ይፈልጋቸዋል?» አልኩት። አሌክ «ይህን ሁሉ ዓመት ለፍልፈህ ዛሬ ገና ተናገርክ» አለኝ። ፕራት የዘለለውን ሳህን ወደ ቦታው መለሰና እሺ አለ። ሰዎቹ ወጥተው እስኪቀበሩ ቁጥራቸው ከተሰቀለበት አይነካም። ይዤልሽ የምመጣው ይህንኑ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ሄክተር በዛሬው ባቡር ያደርስልሻል። እኔና አሌክ ስለ መበለቶቹ ቀለብ ገና ስለምንነጋገር ቀርተናል። ማንም የሎክሊንን ቁጥር ይዞ ደጅሽ ቢመጣ እንዳትቀበዪው፤ በወርቅ ሪባን ቢያስረውም መልሶ እንዲሰቅለው ንገሪው።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። የሎክሊንን እናት አጠገቧ ተቀምጠሽ አጽናኚልኝ። ጎረቤታችንን ፍሎራን ስለ ሾርባው እግዜር ይስጥልኝ በያት። ሞራግን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚና ሰሌዳው ዘንድ ወስደሽ የአባቷን ቁጥር አሳያት። እኔ ከዚህ ስወጣ የራሴን ከሆቴሉ ሚስማር አነሣለሁ። የእሱ ግን እስኪመጣ ይጠብቀዋል።

ወንድምሽ ሙርዶክ
ሃሊፋክስ፣ ማርች 9 ቀን 1949 እ.ኤ.አ.