የማይወድቀው እንጨት

ቲፐሬሪ፣ ሐሙስ ኤፕሪል 23 ቀን 1992

ለምወድህ ልጄ ለኮልማን፣

እንዴት ከርመሃል? ፐርዝ እንዴት ይዛሃለች? ወገብህስ? በሙቀቱ ትንሽ ይሻልሃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ ሜዳው አሁንም ቦት ጫማ ያስቀራል። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፣ አፏን ግን አያማትም። እስከ ትናንት ድረስ ማለቴ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ስትሄድ በሩ ላይ ቆመህ፣ «ሳትነግረኝ ኦርላን የማይወድቅ እንጨት ላይ እንዳታዘልላት» ብለህ አስምለኸኛል። እኔም ምያለሁ። ይኸው እየነገርኩህ ነው፤ ልጅህ እሁድ ከባርኒ ጋር የመጀመሪያውን የአንድ ቀን የፈረስ ውድድር ትገባለች።

ባርኒን ብታየው! ትተኸው ስትሄድ እግሩ የሚጠላለፍ ውርንጭላ ነበር። ዛሬ ደረቱ የእናቱ፣ ዓይኑ የእናቱ ነው። ጠዋት በዳኞች ፊት መራመድ አለ፤ እሱን እንደ ሙሽራ ነው የሚሄደው። ቀጥሎ አግዳሚ እንጨት መዝለል ነው። ከዚያ አገር አቋራጩ፤ አጥሩ፣ ቦዩ፣ መሬት ውስጥ የተተከለው ግንድ። እሱን አንተው ታውቀዋለህ።

ሜዳው ጭቃ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ ጎተራ ውስጥ ነው ያዘለልነው፣ ቀለም በተቀቡት አግዳሚዎች ላይ። አግዳሚ ደግሞ ሲነኩት ይወድቃል። ባርኒ ሰነፍ አይደለም፤ ብልጥ ነው። ግራ ጉልበቱን ሳያነሣ ያልፋል፣ እንጨቱ ይወድቃል፣ እሱ መንገዱን ይቀጥላል።

ማክሰኞ ጫማ መቺው ሞሲ የባርኒን የብረት ጫማ ሊመታለት መጣ። ጭቃው ላይ እንዳይንሸራተት ብሎን የሚገባበትንም ቀዳዳ አበጀለት። ከዚያ ኦርላ ስታዘልለው ቆሞ አየ። አግዳሚው ኳ ብሎ ወደቀ።

«ይሄ ፈረስ የዓለም እንጨት ሁሉ የሚወድቅለት ይመስለዋል» አለ።

«አንተ ምስማርህን ምታ» አልኩት።

«እኔማ እመታለሁ። ግንዱ ግን እሱን ይመታዋል። ተገልብጦ ማን ላይ እንደሚወድቅ ደግሞ ለአንተ አይነገርም፣ ፊንታን። በቤትህ የታየ ነው።»

ፈረስ ተገልብጦብህ የተጎዳውን ወገብህን ማለቱ ነው። ኦርላ ሰምታ ሳቀች። «ሞሲ ደግሞ! አንተ ብስክሌትም ትፈራለህ» አለችው። እሱ ግን አልሳቀም፤ መዶሻውን ሰብስቦ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ዛሬ ጠዋት ኦርላ ነጭ ጓንት ልትገዛ ከተማ ስትወጣ አያትህ ያደርግ የነበረውን አደረግሁ። «እንጨቱ ራሱ ያስተምረው» ይል አልነበር? ታችኛው ሜዳ ላይ ወደ ወደቀው የኦክ ግንድ ባርኒን ያለ ጋላቢ ለቀቅሁት። ጆሮውን አቁሞ፣ ደስ ብሎት መጣ። ጉልበቱ አልተነሣም። ድምፁን እናትህ ወጥ ቤት ሆና ሰምታዋለች። በአፍንጫው ተደፋ፤ ኋላው ወደ ላይ ተነሥቶ ሊገለበጥ ጥቂት ሲቀረው ወደ ጎን ወደቀ። ከዚያ ተነሥቶ ግንዱን ትክ ብሎ አየው። እንዴት እንደገረመው!

መልሼ ልለቀው ይገባኝ ነበር። ፈረስ መማሩ የሚታወቀው በሁለተኛው ነው። ልጓሙን ይዤ ቆምኩ። ቆምኩ፣ ቆምኩና ወደ ጋጣው መለስኩት። አሁንም ባያነሣስ ምን ላደርግ ነው?

ጉልበቱ ትንሽ አብጧል። ለኦርላ በር መታው አልኳት። እያንጎራጎረች በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥብለት ቆየች፤ ከዚያ ደግሞ ጋማውን ሹሩባ መሥራት ተለማመደች። «አባባ፣ እሁድ ‹የማን ልጅ ናት?› ሲሉ ‹የኮልማን!› ትላቸዋለህ አይደል?» አለችኝ። ኮልማን ልጄ፣ የባርኒ እናት ባዝራዋ ሞታለች፤ ከዘሯ የቀረው ይሄው አንዱ ነው። ከአንተ ወዲህ ከዚህ ቤት ለውድድር የወጣ ፈረስ የለም። በዚያ ሜዳ ስማችን ሲጠራ አንዴ ሰምቼ ልሙት ማለት ኃጢአት ነው?

እናትህ ትናንት «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች። የኦርላን ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ ጨርሳ መልሳ ትተኩሰዋለች። ዛሬ ምሳ ላይ ከአፏ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስልኩ ግድግዳው ላይ ነው፣ ፊንታን።»

«ፐርዝ አሁን ሌሊት ነው፤ ተኝቷል።»

«ገና ራት እየበላ ነው» አለችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

እኔ ግን ቃሌን ጠብቄአለሁ። ሳልነግርህ አላደረግሁትም። ይህን ወደፊት አስብልኝ።

እግዚአብሔር ወገብህን ይጠግንልህ፤ በሰው አገር ክፉ አያሳይህ። ልጅህንም እሱ በእጁ ይያዛት፤ የእኔ እጅ አርጅቷል።

የሚወድህ አባትህ
ፊንታን

ይህችን የጨመርኳት ፖስታ ቤት ሆኜ ነው። እዚህ የምትሠራው ኢታ ገና ሳላሽገው መዘነችውና፣ «ይሄ እኮ ከሚመጣው ሳምንት በፊት አውስትራሊያ አይደርስም። አስቸኳይ ከሆነ ደውልለት» አለችኝ። አይ፣ አስቸኳይ አይደለም አልኳት።