በወተት የታጠቡ እጆች

ውድ አባባ፣

ዛሬ ስፌት ቤትህን ከፍቼ ገባሁ። መቀሱ እንደተሰቀለ ነው። ግድግዳው አሁንም ሲጋራ ሲጋራ ይላል፤ እማዬ ስንቴ ቀለም አስቀብታዋለች፣ ሽታው ግን ወይ ፍንክች! ድሮ አፍንጫዬን የሚያስይዘኝ ሽታ ዛሬ አንተን አንተን ቢለኝ መቁረጫ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራዬን የነገርኩህ ቀን ትዝ ይልሃል? "ልጄ ትምባሆ ታመርታለች!" ብለህ ለደንበኛው ሁሉ አወራህ። እማዬ ግን፣ "አንዱን አጫሽ ሳልገላገል አንቺ ደግሞ ማሳውን አመጣሽልኝ!" ብላ አኮረፈችኝ። ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት መሥሪያ ነው ብላት ማን ሊሰማኝ!

አንተ ግን ቶሎ ገባህ። ቅጠሉ የቫይረሱን የላይ ሽፋን ብቻ እንደሚሠራልን፣ ቫይረሱ ራሱ እንደሌለበት ስነግርህ መርፌህን ጨርቁ ላይ ሰካህና፣ "አሃ፣ ሰውነት ሌባው ሳይመጣ ኮቱን ያውቀዋል ማለት ነዋ" አልከኝ። እስከ ዛሬ ለእንግዳ ሁሉ የማስረዳው በአንተ ቃል ነው።

ተክሎቹን ልታይ የመጣህ ቀን ኃላፊያችን የመስታወት ቤቱ በር ላይ አስቆመችህ።

"ይቅርታ አባቴ፣ የሚያጨስ ሰው አይገባም። ሲጋራው ላይ ያለ የትምባሆ በሽታ በእጅ ወደ ተክሎቻችን ይተላለፋል።"

"ትምባሆም እንደ ሚስቴ አጫሽ ጠላ?" ብለህ ሁላችንንም አሳቅከን። በመስታወቱ በኩል አንድ ችግኝ አንሥቼ አሳየሁህ።

እማዬ ዕድሜ ልኳን ለምና ያላስተወችህን ሲጋራ ለዚያ በር ብለህ ተውከው። ዳግመኛ ስትመጣ ኃላፊያችን በሽታው ጣትህ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ወተት ያከሽፈዋል ብላ እጅህን በወተት አስታጠበችህ። "በወተት? ሙሽራ ነኝ እንዴ!" አልክ። ከዚያ ገባህ። ቅጠሉን ገልብጠህ እንደ ጨርቅ በሁለት ጣትህ ዳበስከው።

"ክትባቱ ለዘንድሮው ብርድ ይደርሳል?"

"ገና ነው አባባ።"

"እንግዲያው ለእናትሽ ይድረስላት። ደረቷ ደካማ ነው። አደራ።"

በዚያው ብርድ ኢንፍሉዌንዛው አንተን ወሰደህ። ተክሎቹን ሳጠጣ ዛሬም ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ናፍቀኸኛል፣ በጣም።

ሙከራው ዓመታት ፈጀ። ባለፈው ሳምንት ክትባቱ ለአረጋውያን መሰጠት ሲጀምር እማዬን ይዣት ሄድኩ። ነርሱ ከምን እንደተሠራ ሲነግራት ተነሥታ እንዳትሄድብኝ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን አንተ የሰፋህላትን ሰማያዊ ቀሚስ እጅጌ ቀስ ብላ ጠቀለለች።

"ስንት ዘመን ከደጄ ሳባርረው ኖሬ፣ ይኸው በክንዴ ሊገባ!" አለች። "አባትሽ ይሄን ባየ!"

መርፌው ሳይነካት ዓይኗ እንባ አቀረረ። አደራህ ደርሷል፣ አባባ።

ስንመለስ ስፌት ቤቱን ዳግም እንዳታስቀባው ለመንኳት።

"ደግሞ ማን ያስቀባዋል?" አለችኝ።

ትምባሆ አምራቿ ልጅህ