ግንዱ ውስጥ ስለሚያኝከው ነገር ለክቡርነትዎ የቀረበ ምስጋና

ለአይን ዙወይድ አውራጃ የግብርና ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የተከበሩ ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደኅና ናቸው? ገና መጋቢት ሳይወጣ ድንጋይ በሚያግለው በዚህ በረሃችን የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ያለ እንከን እየሠራ እንደሆነ ከልቤ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ለጠያቂያችን ምስጋና ይድረሰውና አለን፤ እስከ መቼ እንደምንኖር ግን ከዛፎቻችን ጋር ገና አልተነጋገርንም።

እኔ ኢንሺራሕ እባላለሁ፤ በመንደሩ ትምህርት ቤት ትንንሾቹን ንባብ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ማህሩስ የተምር ዛፍ እየወጣ አበባውን የሚያዳቅል፣ ቅርንጫፉን የሚከረክም፣ ፍሬውን የሚያወርድ ሰው ነው። ቀደም ሲል የላክሁልዎ ደብዳቤዎች ቢሮዎ ተመችቷቸው ነው መሰለኝ መልስ ይዘው ለመመለስ አልቸኮሉም፤ ስለዚህ ይህኛው ከፉል ቁርስዎ ጋር በሚያነቡት ጋዜጣ ላይ ቢያገኝዎ ይሻላል ብዬ በግልጽ ጻፍሁት። ድፍረት ከመሰለዎ ይቅር ይበሉኝ። ፈርቼ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ስጦታዎ ላመስግን። የአገረ ገዢው ጉብኝት ሲቃረብ ወደ መንደራችን የሚያስገባው መንገድ ራቁቱን እንዳይታይ አስበው፣ ከዓባይ ዳር በትልልቅ መኪና የተጫኑ ያደጉ የተምር ዛፎች ልከውልን በግራና በቀኝ አስተከሉ። ከአያት ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ከተምር በቀር ሌላ ዛፍ ለማናውቅ ሰዎች ተምር ማምጣትዎ ምን ያህል እንደሚያስቡልን አሳይቶናል። አማቴ ሐጃ ቡሰይና ከደጃፏ ቆማ መኪናዎቹን እያየች፣ «ምነው ልጄ፣ አሸዋም ጭነው አላመጡልን?» ማለቷን አስታውሳለሁ፤ እርጅና ነውና አይቀየሟት። እኛ ሌሎቻችን እልል ብለን ተቀበልናቸው። ዛፎቹ የጤና ወረቀት ይዘው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እንግዳን በደጅ አቁሞ ወረቀት መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በእርስዎም ዘንድ እንደዚያው መሆኑን በኋላ ተረዳን።

ሁለተኛ፤ ስለ ምክርዎ። ከመንገዱ ዳር ዛፎች አንዱ በዓመቱ አናቱ ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ሲታጠፍና ከግንዱ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ የኮመጠጠ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲወርድ ጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ልኮ አስመረመረ። ባለሙያው ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ሙቀት ነው። ጠምቷቸዋል፤ ደኅና አድርጋችሁ አጠጧቸው» ብሎ መስኮቱን መልሶ ዘጋ። ሞቃት አየር እንዳይገባበት መሆኑ ገብቶናል። እኛም ከአትክልታችን ቀንሰን የምንጩን ውሃ ወደ እንግዶቹ መራን፤ ግንዳቸው ሌት ተቀን ረጥቦ ዋለ አደረ። ውስጡ የተደበቀው ነገር ከእርጥብ ግንድ የበለጠ የሚወደው ነገር እንደሌለ ያወቅነው ካጠገብነው በኋላ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ወይዘሪት ሪሃም። ይህችን ልጅ የላኩልን እርስዎ ነዎት፤ ይህንን ሳልሸራርፍ አመሰግናለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማረችውን በትክክል የተማረች የግብርና ባለሙያ ነበረች። በአትክልታችን መሐል ካሉት ዛፎች አንዱ ሥር ተንበርክካ ጆሮዋን ግንዱ ላይ ስትለጥፍ ማህሩስ ሳቀባት።

«ሐኪም ነሽ እንዴ? በረጅሙ ተንፍስ በይው እንጂ!»

«ዝም በል እስቲ አንድ ጊዜ፣ አቡ ሁዋይዳ» አለችው።

የሁዋይዳ አባት ማለቷ ነው፤ ሁዋይዳ ሴት ልጃችን ናት። ሪሃም ቆይታ ፊቷን ስታቀና ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። «ነይ አንቺም ስሚ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፤ ይህንን ድምፅ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝምና ልንገርዎ። በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አፉን ገጥሞ ደረቅ ዳቦ እንደሚያኝክ ነው። ያቆማል። ሰምቶኝ ይሆን እንዴ ብለው ትንፋሽዎን ይውጣሉ። ከዚያ ይቀጥላል።

«ስንት ናቸው?» አልኋት።

«አላውቅም። ብዙ።»

«ዛፉ እኮ አረንጓዴ ነው።»

«እስኪሰበር ድረስ አረንጓዴ ነው፣ እትዬ ኢንሺራሕ።»

ቀዩ ነቀዝ የሚባለው የተምር ተባይ እንደሆነ ነገረችን። ሴቷ በተከረከመው ቅርንጫፍ ቁስል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ትሎቹ ወደ ውስጥ እየበሉ ይገባሉ፤ ሲጎለምሱ ክንፍ አውጥተው ወደ ጎረቤት ዛፍ ይበራሉ። የታመመውን ቆርጣችሁ አቃጥሉ፣ የምትከረክሙትን ቁስል ሸፍኑ፣ ግንዱን አታርጥቡ፣ ከሥሩ የበቀሉ ችግኞችን ከመንደር ወደ መንደር አታዙሩ፣ ገና ያልባሰበትን በመርፌ መድኃኒት እንወጋዋለን፣ ነቀዙን በጠረን የሚስብ ወጥመድም አስመጣለሁ አለችን። ሪፖርቷን ጽፋ ለእርስዎ አቀረበች። ወሩ ሳያልቅ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ ተዛወረች። ለጤናዋ አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ የባሕር አየር ብዙ ለሚናገር ሰው ጉሮሮ ጥሩ ነው ይባላል።

አራተኛ፤ ስለ መመሪያዎ። መስጊዱ አጠገብ በተለጠፈው ማስታወቂያ፣ በአውራጃው ምንም ዓይነት የዛፍ በሽታ እንደሌለ፣ አለ ብሎ የተምራችንን ስም የሚያጠፋ እንደሚጠየቅ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ኮሚቴ በአካል አይቶ ሳይፈቅድ ዛፍ የቆረጠ ሰው ደግሞ እንደሚታሰር አስታወቁን። ነቀዞቹ ማንበብ ቢችሉ ኖሮ በዚህ ማስታወቂያ ምን ያህል እፎይ ባሉ! ኮሚቴውን ልንጠራ ቢሮዎ ስንመላለስ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና፣ «መኪናው ጋራዥ ነው፤ ሲወጣ እንመጣለን» ይለናል። መኪናውን እግዜር ይማረው።

አምስተኛ፤ ስለ መጥሪያዎ።

የማዳቀያው ወቅት ደረሰ። የእኛ ተምር ሰው ወጥቶ የወንዴውን አበባ ዱቄት ካልነሰነሰበት ፍሬ አይዝም፤ ማህሩስና ታናሽ ወንድሙ ሻዕባንም ገመዳቸውን ወገባቸው ላይና ግንዱ ላይ አዙረው ሲወጡ ነው የኖሩት። ዘንድሮ ግን ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ዛፍ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። የቱ ሙሉ፣ የቱ ባዶ እንደሆነ የሚያውቀው ውስጡ ያለው ብቻ ነው። ባሌ ሲወጣ እኔ ከሥር ጆሮዬን ግንዱ ላይ ለጥፌ እቆማለሁ፤ የእግሩ ኮቴ ነው ወይስ ማኘክ ነው እያልሁ፣ የራሴ የልብ ምት እየበጠበጠኝ።

ማህሩስ ከላይ ሆኖ ያሾፍብኝ ነበር። «አንቺ ሴት፣ ዛፉን አቅፈሽ ስትቆሚ ሰው ምን ይላል? እኔን እንኳ እንዲህ አቅፈሽ አታውቂም!»

«ውረድልኝ። አፈር ስሆን ውረድልኝ።»

«ከወረድሁ ምን እንበላለን?»

ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሲያነቡ እኔ ጣሪያውን የተሸከመውን የተምር ግንድ አዳምጣለሁ። እናቴ ቤት ምሳ ላይ አባቴ ሽንኩርት ሲያኝክ ሰምቼ ከገበታው ተነሥቻለሁ። አእምሮዬን የሳትሁ መስሏቸው ነበር።

ሻዕባን የወደቀው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ጠዋት ነው። የወጣበትን ዛፍ አስቀድሜ በጆሮዬ ሰምቼው ነበር፤ ጸጥ ያለ ነበር። ግንዱ እንደ ሸንኮራ ቀጭ ሳይል እንደ ረጠበ ካርቶን ታጠፈ፤ አናቱ ከነሻዕባን ቀስ ብሎ ዘመመና ከውሃ መውረጃው ቦይ ዳር ወደቀ። ገመዱ ከዛፉ ጋር አስሮት ስለነበር መዝለል እንኳ አልቻለም። ማህሩስ ከሌላው ዛፍ እንዴት እንደወረደ አላየሁም፤ ሲደርስ መዳፎቹ ተልጠው ነበር። ሻዕባን ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ማን ገፋኝ?» ብሎ ነው።

«ማንም አልገፋህም፤ እዚሁ ነኝ፣ እዚሁ ነኝ፣ ወንድሜ» ይለዋል ማህሩስ።

ሐጃ ቡሰይና ግን ልጇን ትታ ወደ ተሰበረው ግንድ ዞረች። ውስጡ እንጨት አልነበረም። የተፈጨ፣ የሞቀ፣ የሚጤስ የመሰለ ገለባ ነበር፤ በውስጡ እንደ አውራ ጣት የወፈሩ ነጫጭ ትሎች ይገላበጣሉ፤ ከዛፉ ቃጫ ጎጆ ሸምነው የተኙም ነበሩ። አሮጊቷ በዚያ ዕድሜዋ ጫማዋን አውልቃ በጫማዋ ትወቅጣቸው ጀመር፤ እጇን ይዘን እስክናስቆማት ድረስ አላቋረጠችም።

ሻዕባን በሕይወት አለ። ዳሌው ተሰብሯል፤ ሐኪሞቹ በምርኩዝ ትሄዳለህ፣ ዛፍ ግን አትወጣም ብለውታል። ከዛፍ በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም። እናም ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የላኩለትን መጥሪያ ከምስጋናዬ ሁሉ በላይ አስቀምጠዋለሁ፤ «ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ዛፍ በመጣል» ቀርበህ መልስ ስጥ ይላል። አንብቤለት ሲስቅ የተሰበረው አጥንቱ አሞት አለቀሰ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነውና ባለውለታችን ነዎት።

ስድስተኛው አቤቱታ አይደለም፤ በራሴ እጅ የምሰጥዎ ቃል ነው። ከሆስፒታል በተመለስን ማግሥት ሪሃምን ስልክ ደወልንላት። «እኔ አሁን ስለ ዓሣ ነው የምሠራው፤ ግን ቁረጡ። ዛሬውኑ» አለችን። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ጆሮ ያለው ሁሉ ግንድ ለግንድ እየዞረ አዳመጠ፤ የተጠረጠረውን ሁሉ ቆረጥን፣ ፈለጥን፣ በረሃው ዳር በቆፈርነው ጉድጓድ አቃጠልን። የመንገዱን ዳር ስጦታዎችዎንም አልረሳናቸውም። ማህሩስ አባቱ የተከለውን ዛፍ ጆሮውን ለጥፎ ሲሰማው ብዙ ቆየ፤ እኔ ከፊቱ አነበብሁት። «ያንተ ጆሮ ተሳስቶ ይሆናል፤ እኔ ልስማው» አልሁት። «አልተሳሳተም» አለና መጋዙን ራሱ አነሣ፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ። እሳቱ ውስጥ ትሎቹ ሲፈነዱ እየሰማን ማንም አልተደሰተም። ሰዉ ዓይኑ ወደ ቆሙት ዛፎች ነበር።

ፖሊሶች መጥተው ባለቤቴን ወሰዱት። ጣቢያ ሁለት ቀን አድሮ በዋስ ወጥቷል፤ ችሎት ተቀጥሯል። ወንጀሉ መቁረጥ ከሆነ እኔም መጋዙን በሌላው ጫፍ የያዝሁ መሆኔን በዚህ ጋዜጣ ፊት አረጋግጣለሁ፤ ክሱ ላይ ስሜን ቢጨምሩልኝ ደስ ይለኛል። ሐጃ ቡሰይናም ትሎቹን በመግደሏ እንድትከሰስ ትጠይቃለች።

የተረፉት ዛፎች ደኅና ናቸው ወይ ቢሉኝ አላውቅም። ማህሩስ አሁንም ይወጣል። ማሾፉን ግን ትቷል፤ ከላይ ሆኖ፣ «አሁንስ? ምን ትሰሚያለሽ?» ይለኛል። እኔም የሰማሁትን ሁሉ በእውነት እነግረዋለሁ፤ ምንም ባልሰማሁ ጊዜ ደግሞ ምንም አልሰማሁም እለዋለሁ፣ ሻዕባንንም እንዲሁ ብዬው እንደነበር ሁለታችንም እያወቅን።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽኑ እግር፣ በጋራዥ ላለው መኪናዎ ፈጣን ማገገም እየተመኘሁ፣ ስለ ዝምታዎ ጥልቀትና ስለ መመሪያዎ ውበት ከመንደሬ ሕዝብ ጋር እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
ኢንሺራሕ፤ የማህሩስ ሚስት፣ የሻዕባን ዋርሳ፣ የሁዋይዳ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ባለፈው ዓርብ ከቤተሰብዎ ጋር በሚያርፉበት በምንጩ ዳር ባለው የመንግሥት ማረፊያ ቤት በኩል ሳልፍ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ በመኝታ ክፍልዎ መስኮት ላይ ጥላውን የጣለውን ረጅሙን ዛፍ በጆሮዬ አዳመጥሁት። ይታኘካል፤ ያዘነበለውም ወደ ቤቱ ነው። ማህሩስ መጋዙን ይዞ ሊመጣ ተነሥቶ ነበር፤ ዋሱ ግን ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ዛፍ እንዳይነካ ብሎ አስቀረው። እባክዎ ልጆችዎን በሌላኛው ክፍል ያስተኟቸው።