ወንዛዬ አልሄድም

ደብረ ታቦር፣ ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ሙሉቀን፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ከረምክልኝ? እኔ አለሁ፤ አለሁ ስልህ ደግሞ እንደ ሰው ወጥቼ እየገባሁ ነው። ስልኩን ትቼ ወረቀት የያዝኩት ወድጄ አይደለም። ስልክ ላይ ነገር ሲከብድህ «እማዬ፣ ኔትወርክ የለም» ትለኛለህ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም፤ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ አጎትህ ደምሴ መጣና ገና ሳይቀመጥ፣ «እህቴ፣ ለወገብሽ ወንዛዬ ፍል ውሃ ብትሰነብቺ ምን ይመስልሻል? ሚኒባሱን እኔ አመጣልሻለሁ» አለኝ።

«ወገቧን አሟታል ያለህ ማነው?»

«ያው ዕድሜም አይደል።»

«መቼ ነው የምሄደው?»

«ከጥምቀት ማግሥት፤ ሁለት ሳምንት ያህል።»

አየህልኝ? ከጥምቀት ማግሥት ሁለት ሳምንት! ሠርግህ ደግሞ ለአስተርእዮ ማርያም። አይ ደምሴ! ሲዋሽ እንኳ ቀን አይቆጥርም።

ሠርጉን እንዳላበላሽ ነው መቼም። ስለ እኔ የሚወራው እስከ ሐዋሳ ደርሶሃል፤ እስቲ ደግሞ ከእኔው ስማው። ዘፈኑ አሁንም አለ። ሌላ ሰው የማይሰማው፣ እኔ ግን ጥርት አድርጌ የምሰማው ዘፈን። ሴቶች ናቸው፤ ከበሮ ይዘው አንዲቱን ስንኝ ከጧት እስከ ማታ ይደጋግሟታል፣ አይደክማቸውም። አንዳንዴ ስሜን እያነሱ ይሰድቡኛል። ደግሞ ግጥማቸው ቤት አይመታም! «ከሰደባችሁኝ አይቀር አሳምራችሁ ስደቡኝ እቴ» እላቸዋለሁ። ድሮ ጎረቤት የሚዘፍን ቴፕ ጣራዬ ውስጥ ደብቆብኛል ብዬ ኮርኒሱን ስቀድ አይተኸኛል። ልጅ ሆነህ ያየኸው ነገር እንደማይረሳህ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ዘፈኑ ከበሽታዬ እንደሚመጣ አሳምሬ አውቃለሁ። መድኃኒቱ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። እነሱ ይዘፍናሉ፣ እኔ እኖራለሁ። ግራ ሲገባኝ በአጥሩ በኩል «ዘይነብ፣ ሠፈር ውስጥ ሠርግ አለ እንዴ?» ብዬ እጣራለሁ። «የለም አንቺ፣ ያንቺው ነው» ትለኛለች፤ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ሰው መሃል ስሆን ደግሞ ጆሮዬን ትቼ የሰዉን እጅ አያለሁ። የሚያጨበጭብ ከሌለ ዘፈኑ የኔ ነው።

በጎረቤታችን በማሩ ቀብር እልል ያልኩት እውነት ነው። ፍልሰታ ነበር። ኪኒን መዋጥ ጾም መሻር መስሎኝ ተውኩት፤ አይደለም ብሎ የነገረኝም የለ። ሬሳው ሲወጣ በእኔ ጆሮ ሙሽራ ወጣች፤ እልልታዬን አቀለጥኩት። ደምሴ ክንዴን ይዞ እንደ ሌባ ጎተተኝ። በኋላ ጣራ ገዳም ለጠበል ብሄድ መነኩሴው ሰምተው ተቆጡኝ። «መድኃኒት ጾም ይሽራል ያለሽ ማነው? በጠበሉ ዋጪው!» አሉኝ። ይኸው በጠበሉ እውጠዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላጓደልኩም። የማሩን ሚስት ዓለሚቱን ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ተይኝ እቴ፣ ማሩ ቢሰማሽ በሳቅ ይሞት ነበር» ብላ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። ባለ ሐዘኗ ይቅር ያለችውን ደምሴ ምን ቤት ነው?

ይህን ሁሉ እንኳ ችዬው ነበር። ትናንት ግን በዘይነብ ባል በአንዋር ልብስ ስፌት ቤት በኩል ሳልፍ፣ «እትዬ ፈንታነሽ፣ የሙሽራው እናት ቀሚስ ደርሷል፤ ይግቡና ይለኩት» ብሎ ጠራኝ። አንተ ያሰፋህልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ለበስኩት። ትከሻው ወረደብኝ፣ ወገቡ ዋለለብኝ። አንዋር ደንግጦ «ልኩን ያመጣልኝ አቶ ደምሴ ነው፤ የሙሽራው እናት ብሎ» አለኝ። በእኛ ቤተ ዘመድ ያን የሚያህል ትከሻ ያላት የደምሴ ሚስት ዓይናለም ብቻ ናት። ለካ አንተ ሙሽሪትን ለማምጣት ከቤት ስትወጣ እኔ ከምቀመጥበት እሷ ልትቀመጥ ነው። የእሷን ጉልበት ስመህ ልትመረቅ ነው! ምን ልደብቅህ፣ ቀሚሱን ሳላወልቅ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሄጄ ደምሴን አፋጠጥኩት። «ማን አዘዘህ?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «እኔ ምን ላድርግ፣ የሙሽራው ፈቃድ ነው» አለኝ። ዋሽቶ ነው። ዋሽቶ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ልጄ እንዲህ አይልም። ብሎም ቢሆን ደውሎ ለእኔው ይነግረኝ ነበር። ከገና በፊት ጀምሮ ግን የምደውለው እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ ስማኝ። ወንዛዬ አልሄድም። ሚኒባሱ በሬ ላይ ቢቆም ሹፌሩን ምሳ አብልቼ እመልሰዋለሁ። ኪኒኔን ውጬ፣ የራሴን ቀሚስ ለብሼ፣ ቦታዬ ላይ እቀመጣለሁ። ሴቶቹም በጆሮዬ ይዝፈኑ፤ በሠርግ ቀን ዘፈን በዛ ብሎ የሚቆጣ የለም። ዓይናለምም ከፈለገች ጎኔ ትቀመጥ፤ አልጣላትም። ሚዜዎችህን አስከትለህ ለምርቃት ስትገባ ሁለት ሴት ታገኛለህ፤ የማንን ጉልበት እንደምትስም አገር ያያል።

ደብዳቤ በምርቃት እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ይሄ አይዘጋም። ለአንተ ያለኝ ምርቃት ብዙ ነው፤ ካረገዝኩህ ጀምሮ ሳስቀምጠው የኖርኩት ነው። በወረቀት አልሰድልህም፤ በዓይናለምም አፍ አይወጣም። እኔ ዘንድ አለልህ። መጥተህ፣ ጎንበስ ብለህ ውሰደው።

እናትህ
ፈንታነሽ ይሻው