ደካማ እጅ የሌላት አማካይ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017፣ ሂልብሮው

ለዛሬው የዩኒቨርሲቲዎች የላክሮስ፣ ጫፉ መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱት ኳስ፣ ግጥሚያ የተጋጣሚያችንን ኮከብ አማካይ ለመያዝ ሳምንቱን ሙሉ የተለማመድኩት እኔ ነኝ። አሰልጣኟ ግን ቦታዬን ለአምበላችን ሰጠችው። አምበሏ ደጋግማ ስትታለፍ፣ አሰልጣኟ እንደልማዷ በአገሬ ስም ጠርታ፣ «በይ ኢትዮጵያ፣ ግቢ» አለችኝ።

ኮከቧን ደካማ ነው ወደተባለው ግራ እጇ ገፋኋት። እየሮጠች ዱላዋን ወደ ግራ አዛወረችና ኳሷን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ አገባችው። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።

«ውጪ» አለች አሰልጣኟ።

«አልወጣም። ገና አሁን አወቅኋት።»

ኮከቧ ሳቀች። «ተያት ኮች፣ ሲሲ ትቆይ» አለች፤ በዚህ አገር አነጋገር እህቴ ማለቷ ነው።

ቆየሁ። ደጋግማ አለፈችኝ፤ እያለፈችኝም አፌን ከፍቼ አየኋት። አንዴ ብቻ ኳሷን አስጣልኳት፤ ዞር ብላ በዱላዋ ዱላዬን መታ አደረገችው።

አሰልጣኟ ሰኞ ቢሮዬ ነይ ብላኛለች። ከቡድኑ ታስወጣኝ ይሆናል። እሄዳለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም።