ሰዓዳን ላጥብ ስሄድ

እሑድ

የገብሱን ዱቄት እየነፋሁ ነበር። ለሰዓዳ ገንፎ። ልጄ ጀርመን አገር ሰባት ወሯን ይዛለች፤ ሄጄ ላርሳት ቪዛው ተመቶልኛል፣ መንገዴ በሚመጣው ወር ነበር። ወንድሜ ሰይድ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገባ። ጫማቸውን ሲያወልቁ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ያኔ አወቅሁ።

«ዘሀራ፣ ተቀመጪ» አለኝ።

የደም ግፊት ነው አሉ። ልጇን በኦፕራሲዮን አወጡላት፣ እሷ አልተረፈችም። ሕፃኗ ሴት ናት፤ ማሞቂያ ውስጥ ናት።

ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ዛሬ ከዚህ በላይ አልችልም።

ሰኞ

ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ከሲሪንቃም ከውርጌሳም መጡ። የሰዓዳ ባል ጀማል ደወለ። ቀብሩ አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው፤ እዚያ አገር በቀጠሮ ስለሆነ አይዛወርም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት።

«እኔ ሳልደርስ እንዳትታጠብ። የማጥባት እኔ ነኝ።»

«እሺ እማ። ሐሙስ ከደረሱልኝ እርስዎ ያጥቧታል» አለኝ።

አዲስ ትኬት እዚያው ጀርመን ይቆረጥ ተባለ። ቆራጮቹ ስሜን ሲጠይቁ እኔ ሴቶቹ መሐል ነበርኩ፣ ስልኩን የያዘው ሰይድ ነው።

ማክሰኞ

ከመርሳ በማለዳ ተነሣን። ውርጌሳን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። የያዝኩት፦ ፓስፖርት፣ የግፊት መድኃኒቴ፣ መስገጃ፣ ሁለት ነጠላ፣ ያ የገብስ ዱቄት። ዱቄቱን ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

ረቡዕ

አልሄድኩም።

አየር ማረፊያ፣ ሻንጣ የሚመዝኑበት ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየች፣ ፓስፖርቱን አየች፣ ደግማ ወረቀቱን። «እናቴ፣ ትኬቱ የዘሀራ አሊ ነው። ፓስፖርቱ ደግሞ የሺ አሊ ይላል። የእህትዎን ይዘው መጥተው ይሆን?»

«ሁለቱም እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ያወጣልኝ ስም ዘሀራ ነው። ከሐራ ወደ መርሳ ስዳር አማቴ፣ አላህ ይርሐማቸው፣ እንደ ደንቡ የሙሽራ ስም አወጡልኝ፤ የሺ አሉኝ። ቀበሌም ፓስፖርትም በእሱ ነው የሚያውቀኝ። ሰይድ ግን ከተዳርኩ ጀምሮ አንድ ቀን የሺ ብሎኝ አያውቅም። ስሟ ማን ነው ሲሉት የሚያውቀውን ተናገረ።

ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ፣ «እማማ ሁለት ወንበር ሊይዙ ነው እንዴ?» አለ። ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባው መጣ። ልጅቷ ምን ሆነው ነው አለችኝ፣ ነገርኳት። ሰውየው ክው አለ። «አፌን ይቁረጠው፣ እናቴ» ብሎ ሻንጣዬን አንሥቶ ወንበር ፈለገልኝ።

ልጅቷ ሁለት ጊዜ አለቃዋ ዘንድ ሮጠች። ስሙ የሚስተካከለው ትኬቱ የተቆረጠበት ቦታ ብቻ ነው። «መንገድዎ በሁለት አውሮፕላን ነው። እኔ ባሳልፍዎ እንኳ መሐል ላይ ያስቀሩዎታል፤ ቋንቋ በማያውቁበት አገር» አለችኝ። ጀማል ወደ ትኬት ቆራጮቹ ሲደውል፣ ሲደውል፣ አውሮፕላኑ ሄደ።

ሰይድን በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ። እህቴን በሰው ስም መጥራት እምቢ አለኝ» አለ።

«ዝም በል አንተ። አንተ ባትጠራኝ ያ ስም እስካሁን ጠፍቶ ነበር» አልኩት።

ሐሙስ

ትኬቱ ተስተካክሎ መጣ። ያችው ልጅ ናት። «ዛሬ የሺ ነዎት?»

«ዛሬ የሺ ነኝ።»

ሁለቱንም የመሳፈሪያ ወረቀት ሰጠችኝ። አውሮፕላን ስቀይር የማሳየውን በሌላ ወረቀት ጽፋ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠረችልኝ። ጀማል ለምኖ ለምኖ፣ አጣቢዎቹ እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊጠብቁኝ እሺ አሉ። ከዚያ ቦታው የሌላ ሰው ተራ ነው። እኔ የምደርሰው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያ ረብ፣ አድርሰኝ።

አርብ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ሁለተኛው አውሮፕላን ዘገየ። ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል።

ሰዓዳን አጥበዋታል። በነጭ ተከፍናለች። አጣቢዋ የሌላ አገር ሴት ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ። እጄን ይዛ ወስዳ የልጄን ፊት ገለጠችልኝ፤ ከዚያ ፀጉሯን አሳየችኝ። አልተጎነጎነም። ጀማል፣ «እማ፣ እሱን ለእርስዎ አስቀርቼልዎታለሁ» አለኝ።

ፀጉሯ እርጥብ ነበር። እንደ እጥበቱ ደንብ ሦስት አድርጌ ጎነጎንኩት። በሕፃንነቷ ሲሠሯት ታለቅስ ነበር፣ ዛሬ ዝም አለችኝ።

ከጁምዓ በኋላ ቀበርናት።

ልጇን ነገ ያሳዩኛል። ትተርፍ እንደሁ ሐኪሞቹም አይናገሩም።

ይህን ደብተር የምታነቡ፣ ዘመድም ሁኑ ባዕድ፣ እስላምም ሁኑ ክርስቲያን፣ በየምታውቁት አፍ ለሰዓዳ ለምኑላት። ቀብሯን ያስፋላት፣ ያብራላት በሉ። ከአገሯ ሰው ርቃ ነው የተኛችው፤ ዱዓችሁ ይድረሳት።